ጠላና ውሃ፤ ከወንዛዬ እስከ ደብረ ታቦር

በዓመት አንድ ጊዜ በምትወጣው በዚህች መጽሔታችን ስለ ጠላ ልጽፍ ብዕር ማንሣቴ አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ማሰኘቱ አይቀርም። ነገሩ ግን የቀልድ አይደለም፤ የሰው ስም አለበት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ተዝካር የተጠመቀው ጠላ መድኃኒት መድኃኒት ሸተተ። ጠማቂዋ እናት እንስራውን በደንብ አላጠቡም ተብለው ታሙ። ካሙት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ጥፋቱ የእሳቸው እንዳልነበረ የተረዳሁት በኋላ ነው። ለዚህም ታሪኩን ከሥሩ መጀመር ያስፈልጋል።

ደብረ ታቦር ከራስ ጉግሣ ዘመን ጀምሮ የመሳፍንት፣ ኋላም የዐፄ ቴዎድሮስና የዐፄ ዮሐንስ መቀመጫ ነበረች። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በ1850ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ እዚያው አጠገብ በጋፋት ተሠራ። የመድፉ ነገር በየመጽሐፉ ተጽፏል። በዚያ ዘመን ለሠራዊቱና ለግብሩ ውሃ የቀዱት፣ ብቅል ያበቀሉት፣ ጌሾ የወቀጡት ሴቶች ሙያ ግን እምብዛም አልተጻፈም።

ሙያው ደግሞ ቀላል አልነበረም። እናቶቻችን ውሃን በምላሳቸው ይለዩታል። ሳሙና አላረፋ የሚለውን፣ ሲፈላም ከድስቱ ሥር ነጭ ቅርፊት የሚተወውን ውሃ ያውቁታል። በደራ፣ በጉማራ ወንዝ አጠገብ የሚፈልቀው የወንዛዬ ፍል ውሃ ለመታጠቢያና ለፈውስ የሚፈለግ ነው። ከምድር ሆድ ሞቆ የሚወጣ ውሃ በመንገዱ የድንጋዩን ማዕድን እያሟሟ ይመጣልና፣ ለጥንስስ የሚሻለው ቀዝቃዛውና ለስላሳው የምንጭ ውሃ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ብቅሉ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጠው ድፍድፉ መጠነኛ ኮምጣጣነት ሲኖረው ነው። ካርቦኔት የበዛበት ውሃ ይህን ኮምጣጣነት ያጠፋዋል፤ ከጌሾውም ሻካራ ምሬት ያወጣል። ጠቆር ተደርጎ የተቆላ እህል ግን በራሱ አሲድ ስላለው ውሃውን ይመልሰዋል። ስለዚህ ውሃው ከባድ ሲሆን አሻሮውን ጠቆር፣ ለስላሳ ሲሆን ፈካ አድርጎ መቁላት ነው። ፈካ ባለው ጠላ የብቅሉና የጌሾው መዓዛ ሳይሸፈን ይወጣል፤ ሲቀዳም አበባ አበባ ይላል።

በውጭ አገርም ነገሩ ይኸው ነው። የፒልዘን ከተማ ሰዎች በ1842 እ.ኤ.አ. ወርቃማውን ቢራ ያወጡት ውሃቸው ለስላሳ ስለነበረ ነው። ካርቦኔት የበዛበት ውሃ ያላት ደብሊን ደግሞ በጥቁር ቢራ ታወቀች። ሶረንሰን የተባለው የዴንማርክ ኬሚስት ዛሬ በየላቦራቶሪው የሚሠራበትን የኮምጣጣነት መለኪያ፣ ፒኤች የሚባለውን፣ በ1909 እ.ኤ.አ. ያወጣው በካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ሲሠራ ነው። በእኛም አገር ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ በ1915 ዓ.ም. ተቋቋመ። ፋብሪካ ውሃውን በመሣሪያ ይለካል፤ የእኛ እናቶች በምላስና በምጣድ ያስተካክላሉ።

አሁን ወደዚያ ተዝካር ልመለስ። የዚያን ቀን ጠላ የተጠመቀው በምንጭ ውሃ አልነበረም፤ ከቧንቧ በተቀዳ ውሃ ነው። የቧንቧ ውሃ ከበሽታ እንዲጠብቀን ክሎሪን ይጨመርበታል፤ ደግም ነው። ታዲያ እንስራው በወይራ ታጥኖ ነበር። ክሎሪን ከጭስ ከሚገኘው ፌኖል ከሚባል ነገር ጋር ሲገናኝ ያንን የመድኃኒት ሽታ ያመጣል፤ ለዚህም ጥቂቱ ይበቃዋል። እንስራው በግራዋ ተፈትጎ ታጥቧል፤ በወጉም ታጥኗል። የተለወጠው ውሃው ብቻ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። የቧንቧውን ውሃ አፈ ሰፊ ዕቃ ውስጥ ሳይከድኑ ማሳደር፣ ወይም አፍልቶ ማቀዝቀዝ። ካርቦኔት የበዛበት ከሆነም ማፍላቱ ይረዳል፤ ነጩ ከሥር ሲረጋ ከላይ ያለውን ጥሩውን መቅዳት ነው።

ያን ጊዜ ያማናቸው እናት ዛሬ በሕይወት የሉም። ድንኳኑን ተክለን በወጉ ቀበርናቸው፤ ይቅርታ ግን አልጠየቅኋቸውም። የትኛው ምንጭ ለየትኛው አሻሮ እንደሚስማማ የሚያውቁት ነገርም አብሯቸው ተቀበረ። ስለዚህ የእድራችን ጸሐፊ በሚመጣው ዓመት በሕይወት ያሉትን እናቶች እየጠየቀ ቢመዘግብ እላለሁ። ሰውን በክብር መቅበር የእድራችን ሥራ ነው፤ ሙያን አብሮ መቅበር ግን ደንባችን ውስጥ የለም።