የጥገኝነት መዝገብ ታሪክ

በ2004 ዓ.ም. በተፈረሙት ውሎች መሠረት፣ ከአዋሽ የሚነሣው የባቡር ሐዲድ ለቱርክ፣ ከመቀሌ የሚወርደው ለቻይና ሥራ ተቋራጭ ተሰጥቶ ሁለቱ ሐራ ገበያ ላይ እንዲገናኙ ታቀደ። አንዱ ከሌላው ጋር ካልተገጣጠመ ጉዞው ሐራ ላይ ይቆማል፤ የሶፍትዌርም ጠባይ ይኸው ነው።

ስቱዋርት ፌልድማን እ.ኤ.አ. በ1976 በቤል ላቦራቶሪ «ሜክ»ን ሲያዘጋጅ፣ የትኛው ፋይል በየትኛው ላይ እንደሚመረኮዝ በጽሑፍ ማስፈር ተጀመረ። ይሁን እንጂ መዝገቡ የሚያገለግለው ለየራሱ ሥራ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 «ጊት» ከመጣ ወዲህ ግን የኮድ ማኅደሮች እጅግ በዙ። እ.ኤ.አ. በማርች 2016 «ሌፍት ፓድ» የተባለች የጥቂት መስመሮች ኮድ በደራሲዋ ስለ ተነሣች ብቻ የብዙዎች ሥራ ተስተጓጐለ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 በ«ሎግ ፎር ጄ» ላይ አደገኛ ቀዳዳ በተገለጠ ጊዜ ደግሞ የየመሥሪያ ቤቱ ጥያቄ «እኛ ዘንድ የት አለ?» የሚል ሆነ።

መልሱን ከተርሚናል ማግኘት ይቻላል፤ ይኸውም የየማኅደሩን የጥገኝነት ፋይሎች በአንድ ትእዛዝ አስሶ ስማቸውንና የእትም ቁጥራቸውን በአንድ ሰንጠረዥ ማስፈር ነው። ነገር ግን ቀጥተኛውን ብቻ መቁጠር አይበቃም፤ ሎግ ፎር ጄ በብዙ ስፍራ የገባው በሌላ ላይብረሪ ጀርባ ታዝሎ ነበርና። ስለሆነም መዝገቡ በደኅናው ቀን መሰናዳት ይገባዋል።