ወረቀት ያለውና ወረቀት የሌለው፦ በሂሳብ ጉዳይ ማን ይናገር?



የዛሬው ጽሑፌ የተነሳው ከራሳችን ክፍል ነው። እዚህ ሐርጌሳ፣ በማታው ትምህርት፣ ሁለት ተማሪዎች ተከራከሩ። አንደኛው አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ፣ ሰርተፊኬቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ይዞ የተሰደደ ወጣት ነው። ሌላው ዕድሜያቸው ከስልሳ ያለፈ፣ አገር ቤት ሳሉ ቡና ይነግዱ የነበሩ ጋሼ ናቸው። ፊደል የቆጠሩት እዚሁ እኛ ዘንድ ነው። ክርክሩ በምን መሰላችሁ? በማባዛት!

ሰሌዳው ላይ «13 ኪሎ ቡና፣ ኪሎው በ24 ብር ቢሸጥ ስንት ይሆናል?» የሚል ጥያቄ ጻፍኩ። ሌላው ገና እርሳስ ሲፈልግ ጋሼ «312» አሉ። ወጣቱ «እንዴት አመጡት?» ብሎ ጠየቃቸው። «አንዱን እየገመስኩ፣ ሌላውን እያጠፍኩ» አሉት። ልጁም «ጋሼ፣ ይሄማ ሂሳብ አይደለም፣ የገበያ ዘዴ ነው» አለ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም፣ አስተማሪ ተብዬው፣ ፈገግ አልኩና «በመጽሐፉ መንገድ እንሥራው» አልኳቸው።

በማግስቱ ጋሼ አልመጡም። በሦስተኛውም ቀን አልመጡም። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የከነከነኝ። እውን የሳቸው ሂሳብ ሂሳብ አልነበረም? ለመሆኑ በሂሳብ ጉዳይ የመናገር መብት ያለው ማነው? የተማረው ብቻ ነው ወይስ ያልተማረውም? ይህ ጥያቄ በዓለም ላይ ብዙ ያከራከረ ነውና እስቲ ታሪኩን አብረን እንየው።

የገበያው ዘዴ ዕድሜው ስንት ነው?

መጀመሪያ የጋሼን ዘዴ እንመልከት። 13ን እየገመሱ ይወርዳሉ፣ ትራፊ ካለ ይተዉታል። በጎኑ 24ን እያጠፉ ይወርዳሉ።

13 — 24
6 — 48
3 — 96
1 — 192

ከዚያ በግራ በኩል ለሁለት እኩል የሚካፈል ቁጥር ያለበትን መስመር ይሰርዛሉ። እዚህ ላይ የሚሰረዘው የ6 መስመር ነው። በቀኝ የቀሩትን ሲደምሩ 24 + 96 + 192 = 312 ይሆናል። ልክ ነው።

ለምን ልክ ሆነ? 13 ማለት 8 + 4 + 1 ማለት ስለሆነ ነው። 24 አንድ ጊዜ 24፣ አራት ጊዜ 96፣ ስምንት ጊዜ 192 ነው። የሁለቱ ጊዜ፣ ማለትም 48፣ አያስፈልግም፤ ስለዚህ ተሰረዘ። ማንኛውም ሙሉ ቁጥር በ1፣ በ2፣ በ4፣ በ8፣ በ16 እያለ በሚሄደው እጥፍ ድምር ሊጻፍ ስለሚችል ዘዴው ሁልጊዜ ይሠራል።

የጥንት ግብፆችም የሚያባዙት እያጠፉ ነበር። አሕሞስ የተባለው ጸሐፊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ በገለበጠው ፓፒረስ ላይ ይኸው አሠራር ይገኛል። በውጭ አገር የሂሳብ መጻሕፍት ውስጥ የጋሼ ዘዴ «የኢትዮጵያ ማባዛት» ይባላል፤ ሌሎች ደግሞ «የሩሲያ ገበሬ ማባዛት» ይሉታል። ቁጥርን በ0 እና በ1 ብቻ መጻፍ እንደሚቻል የጀርመኑ ሊቅ ላይብኒዝ እ.ኤ.አ. በ1703 ጽሑፍ አሳተመ። ዛሬ ኮምፒውተር የሚያሰላው በዚሁ በሁለት ምልክት ቁጥር ነው። እንግዲህ እኛ የሳቅንበት «የገበያ ዘዴ» የዋዛ አይደለም ማለት ነው።

የወይን ገበሬው ሂሳብ

በአገራችን በሂሳብ የሚታወቅ ሌላ ትልቅ ቅርስ አለ፤ ባሕረ ሐሳብ። በዓላትና አጽዋማት የሚወጡበት የዘመን ስሌት ነው። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ስሌቱን የሚሰጠው ለእስክንድርያው 12ኛ ፓትርያርክ ለድሜጥሮስ ነው። ድሜጥሮስ ደግሞ ከመሾሙ በፊት ያልተማረ የወይን ገበሬ ነበር ይላል ትውፊቱ።

ስሌቱን በ2000 ዓ.ም. እንሞክረው። 5500 ሲደመርበት 7500 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 14 ይተርፋል። አንዱን ቀንሰን 13 ይቀራል፤ ይህ ወንበር ይባላል። ወንበሩን በ11 አባዝተን ለ30 ስናካፍል የሚተርፈው 23 አበቅቴ ነው። በ19 አባዝተን ለ30 ስናካፍል የሚተርፈው 7 መጥቅዕ ነው። 23 እና 7 ሲደመሩ 30 ይሆናሉ። ይህ አጋጣሚ አይደለም፤ 11 እና 19 ራሳቸው ሲደመሩ 30 ስለሚሆኑ ነው። ከዚህ ተነስተው ጥቂት እርምጃ ሲሄዱ የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 19 ላይ ይውላል። እንደዚያም ሆኖ ተከብሯል።

ይህን ስሌት የአብነት ተማሪዎች በቃል እየተማሩ ለዘመናት አቆይተውታል። ዲግሪ የሰጣቸው ግን የለም። ኦቶ ኖይገባወር የተባለው የታወቀ የሂሳብ ታሪክ ሊቅ ግን የግእዝ ጽሑፎችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1979 ስለ ኢትዮጵያ የሥነ ፈለክና የዘመን ስሌት መጽሐፍ አሳተመ። ሌላ ቦታ የጠፋው የጥንቱ የእስክንድርያ አሠራር በኢትዮጵያ ተጠብቆ እንደቆየ አሳየ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም (እ.ኤ.አ. በ2021 ያረፉት) «ባሕረ ሐሳብ» በተባለው መጽሐፋቸው ይህንን ቅርስ በአማርኛ አብራርተውልናል።

እዚህ በምንኖርበት አገርም እንዲሁ ነው። የሶማሌ አርብቶ አደር ሽማግሌዎች ዓመቱን 365 ቀን አድርገው ይቆጥራሉ፤ የዓመቱን መጀመሪያ ዳብሺድ ይሉታል። ዓመቱም በሚጀምርበት ዕለት ስም ይጠራል። 365 ለ7 ሲካፈል 1 ስለሚተርፍ የዘንድሮው ዓመት ዓርብ ከገባ የሚቀጥለው ቅዳሜ ይገባል፤ በሰባት ዓመት ዞሮ ዓርብ ይመለሳል። ሙሴ ጋላል የተባሉት የሶማሌ ምሁር የሽማግሌዎቹን የከዋክብትና የአየር ጠባይ ዕውቀት ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1968 በጽሑፍ አውጥተዋል። ኖይገባወርም ሙሴ ጋላልም ያልተማረ ሰው ሲናገር አልሳቁም። ጠየቁ፣ መረመሩ፣ ጻፉ።

ያልተማረ ሁሉ ልክ ነው ወይ?

እዚህ ላይ ካቆምኩ ግን ዋሽቻለሁ። ያልተማረ ሰው ሁልጊዜ ልክ ነው ማለት አይደለም።

ከጥንት ግሪኮች ጀምሮ አንድ እንቆቅልሽ ነበር፤ በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ ከአንድ ክብ ጋር ስፋቱ እኩል የሆነ አራት ማዕዘን መሥራት ይቻላል ወይ? «አገኘሁት» የሚሉ ሰዎች ከመብዛታቸው የተነሳ የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1775 እንዲህ ያለ ጽሑፍ ከእንግዲህ አልመረምርም ብሎ ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ1882 ሊንደማን የተባለ ጀርመናዊ ጨርሶ እንደማይቻል አረጋገጠ።

ቢሆንም ሰው አልተወም። በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት ጉድዊን የሚባል ሐኪም «ፈታሁት» ብሎ ነገሩን ሕግ አድርጋችሁ አጽድቁልኝ አለ። በሱ አሠራር ፓይ 3.2 ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1897 የግዛቱ ታችኛው ምክር ቤት 67 ለ0 አጸደቀለት! አንድም ሰው አልተቃወመም። ደግነቱ ዋልዶ የሚባል የሂሳብ ፕሮፌሰር ለሌላ ጉዳይ እዚያ መጥቶ ነገሩን ሰማ፤ ለላይኛው ምክር ቤት አባላት አስረዳቸው፤ ሕጉም ሳይጸድቅ ቀረ። 67 እጅ ቢወጣም ፓይ ከቦታው አልተነቃነቀም።

ሌላ ታሪክ ልጨምር። 3 × 3 እና 4 × 4 ሲደመሩ 5 × 5 ይሆናሉ። ቁጥሩ ሦስት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ በራሱ ሲባዛ ግን እንዲህ የሚገጥሙ ሙሉ ቁጥሮች የሉም ብሎ ፌርማ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1637 ገደማ በመጽሐፍ ጠርዝ ላይ ጻፈ። ፌርማ እንጀራው ዳኝነት ነበር፤ ሂሳብ በትርፍ ጊዜው የሚሠራው ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 ለዚህ ማረጋገጫ ላቀረበ 100,000 ማርክ ሽልማት ተባለ። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ600 በላይ ሙከራ ጎረፈ። ሁሉም ስሕተት ነበር። ፕሮፌሰር ላንዳው መልስ መስጠት ቢሰለቸው «የመጀመሪያው ስሕተትህ በገጽ ይህን ያህል፣ በመስመር ይህን ያህል ይገኛል» የሚል ካርድ አሳተመ፤ ቁጥሩን እንዲሞሉ ለተማሪዎቹ ሰጣቸው።

ካርዱ ቀዝቃዛ ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ «አንተ ማነህ?» አይልም። «ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው» ነው የሚለው። እ.ኤ.አ. በ1993 አንድሪው ዋይልስ የሚባለው የታወቀ ፕሮፌሰር ማረጋገጫውን አገኘሁ ሲል እሱም በዚያው መንገድ ተመረመረ። ስሕተት ተገኘበት! ፕሮፌሰር ነው ተብሎ አልታለፈም። እ.ኤ.አ. በ1994 ከቀድሞ ተማሪው ጋር ሆኖ አስተካከለው፣ በ1995 ታተመ፣ በ1997 ሽልማቱን ወሰደ።

ወረቀት ሳይኖራቸው ልክ የሆኑ

ራማኑጃን የሕንድ ልጅ ነው። ከሂሳብ ሌላ ያለውን ትምህርት ችላ ብሎ የኮሌጅ ፈተና ወደቀ። የማድራስ ወደብ ጸሐፊ ሆኖ ሲሠራ ያገኛቸውን ቀመሮች እንግሊዝ አገር ላሉ ሊቃውንት ላከ። ሌሎች ችላ ሲሉት ሃርዲ የተባለው ግን እ.ኤ.አ. በ1913 ደብዳቤውን ቁጭ ብሎ ከጓደኛው ጋር መረመረ፤ ከዚያም አስጠራው። ራማኑጃን እ.ኤ.አ. በ1918 የእንግሊዝ የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ። በ1920 በ32 ዓመቱ ሞተ። ግን ሃርዲ ዝም ብሎ አላመነውም፤ ማረጋገጫ አምጣ እያለ ይጨቀጭቀው ነበር። ከቀመሮቹም ጥቂቶቹ ስሕተት ሆነው ተገኝተዋል።

ማርጆሪ ራይስ ደግሞ አሜሪካዊት የቤት እመቤት፣ የአምስት ልጆች እናት ነበሩ። የሂሳብ ትምህርታቸው ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም። ከርሽነር የተባለ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1968 አምስት ጎን ባላቸው አንድ ዓይነት ጡቦች ወለልን ክፍተት ሳይተዉ መሸፈን የሚቻልባቸውን ዓይነቶች ቆጥሮ «በቃ፣ ሌላ የለም» ብሎ ነበር. ወይዘሮ ራይስ እ.ኤ.አ. በ1975 ነገሩን ከመጽሔት አንብበው ወጥ ቤታቸው ውስጥ መሳል ጀመሩ። የራሳቸውን ምልክት ፈጠሩ። አራት አዲስ ዓይነት አገኙ! ዶሪስ ሻትሽናይደር የምትባል የሂሳብ መምህርት መርምራ ልክ ናቸው ብላ ለዓለም አሳወቀች።

ወደ ክፍላችን ስንመለስ

እኔም ጋሼን ልጠይቅ ሄድኩ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፣ የሳቅሁት ሳላውቅ ነው» አልኳቸው። «ምንም አይደል ልጄ» አሉኝ። ቀጥለው ግን «ለምን እንደሚሠራ እኔም አላውቀውም እኮ። አባቴ ያሳየኝ ነው። አንተ ታውቃለህ?» አሉ። ጥያቄው ከኔ ትምህርት በለጠብኝ።

በማግስቱ መጥተው ዘዴውን ሰሌዳ ላይ አሳዩ። ለምን እንደሚሠራ ያስረዳው ያው የተከራከራቸው ወጣት ነው፤ 13 ማለት 8 + 4 + 1 መሆኑን እሱ ነው ያየው። ጋሼ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ስልሳ ዓመት ሙሉ ይሄን ሳላውቅ!» አሉ።

ያው ወጣት በሌላ ቀን «ፓይ ማለት 22/7 ነው፣ መጽሐፉ ላይ አለ» ብሎ ድርቅ አለ። አካፍሎ እንዲያየው ነገርኩት። 22/7 ሲካፈል 3.1428 እያለ ይሄዳል፤ ፓይ ግን 3.1415 እያለ ነው። ቅርብ ነው እንጂ እኩል አይደለም። ሰርተፊኬቱ አላዳነውም። እሱም ሳቀና አረመ።

ወገኖቼ፣ በስደት ላይ ብዙዎቻችን ወረቀታችን ቀርቷል። ይህችም ከተማ ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ1988 ሐርጌሳ ስትደበደብ ነዋሪዋ ድንበር ተሻግሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ሐርቲሼክ ካምፕ ገብቶ ነበር፤ ካምፑ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ቤቱ የፈረሰበት ሰው ሰርተፊኬቱን ከየት ያመጣል? የሚያውቀው ግን አብሮት ይሰደዳል። ወረቀት ለሥራና ለትምህርት ቤት ያስፈልጋል፤ አያስፈልግም አልልም። ለሂሳብ ግን ምስክሩ አሠራሩ ነው።

ስለዚህ መምህራን፣ አንድ ተማሪ ያልለመድነውን መንገድ ሲያመጣ ከመሳቃችን በፊት «እስቲ አሳየኝ» እንበል። ተማሪዎች፣ እናንተም «ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው» ስትባሉ አትቀየሙ። ዋይልስም ተብሏል።

ለቤት ሥራ፦ 27 × 35ን በጋሼ ዘዴ ሥሩ። መልሱ 945 ካልመጣ ስሕተቱ በየትኛው መስመር ላይ እንደሆነ ፈልጉ። ለምን እንደሚሠራም አጠገባችሁ ላለው ሰው አስረዱት።

ቸር ይግጠመን።