ከቃሊቲ እስከ ናይሮቢ በተዋስነው ድንኳን

«ቃሊቲ» ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ወኅኒ ቤቱ ነው። ለኛ ለሰፈሩ ልጆች ግን ቃሊቲ ማለት መንገድ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የተሳቢ ድምፅ እየሰማን ነው ያደግነው። ጭነቱ ከጅቡቲ ይመጣል፣ ባዶው ይመለሳል፣ አውቶቡሱ ወደ ሐዋሳ ይከንፋል። ሁሉም በደጃችን ያልፋል፤ እኛ ብቻ የትም አንሄድም!

በ2012 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ ግን ሄድን። እኛ ማለት ሁለት ነን፤ ያኔ ተማሪዎች ነበርን፣ የሴሚስተር ዕረፍት ላይ። ከልጅነታችን አብራን ያደገች ጓደኛችን ከቤተሰቧ ጋር ናይሮቢ ገብታ ነበር። «በአውሮፕላን መምጣት ካልቻላችሁ በመሬት ኑ፣ መንገዱ አስፋልት ሆኗል» አለችን። ቪዛ አያስፈልገንም ነበር፣ ፓስፖርት ብቻ። ለሆቴል የሚሆን ብር ስላልነበረን ድንኳን ተዋስን። ስንቃችን በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ነበር። እናቶቻችን ስለ ድንኳኑ ሲሰሙ የሰጡት መልስ አንድ ዓይነት ነው፦ «ምነው፣ ማን ሞተ?»

እውነታቸውን ነው። ለከተማ ሰው ድንኳን ማለት ወይ ለቅሶ ወይ ሰርግ ነው። ግን እናንተዬ፣ አዲስ አበባ ራሷ እኮ የድንኳን ልጅ ናት! የምኒልክና የጣይቱ ቤተ መንግሥት ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍልውሃ ሲወርድ መጀመሪያ የተተከለው ድንኳን ነበር፤ ከተማው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያ በፊትም ነገሥታቱ ለረጅም ዘመን ከነሠራዊታቸው ከቦታ ቦታ እየተዘዋወሩ ነው የገዙት። ለመዝናናት ብሎ ድንኳን መትከል ነው ለኛ አዲሱ።

ከቃሊቲ መናኸሪያ ተነሣን። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው የአዳማ ፈጣን መንገድ ከዚሁ ከክፍለ ከተማችን፣ ከቱሉ ዲምቱ ነው የሚጀምረው። የኛ ሚኒባስ ግን ክፍያውን ሽሽት ይሁን ተሳፋሪ ፍለጋ፣ በድሮው መንገድ በአቃቂ በኩል ሄደ። ድሮው ራሱ ታሪክ አለው። ኢትዮጵያ በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ ለመንገድ 5 ሚሊዮን ዶላር ተበደረች። በዚያን ጊዜ ለመንገዱና ለልማት ባንክ የተፈቀደው ገንዘብ ባንኩ ለአፍሪካ የሰጠው የመጀመሪያው ብድር ነው። በዚያው ዓመት የንጉሠ ነገሥት መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ዛሬ ቆማችሁ ታክሲ የምትጠብቁበት ጎዳና ላይ ይህ ሁሉ አለ።

ሌላም አለ። ሚያዝያ 27ን ሁላችን እናከብራለን፤ ንጉሡ በ1933 ዓ.ም. ከሰሜን፣ በእንጦጦ በኩል የገቡበት ቀን ነው። ከተማዋ ግን ከጣሊያን እጅ የወጣችው ወደ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ መጋቢት 28 ነበር። ያን ቀን ከኬንያ ተነሥቶ ሶማሊያንና ሐረርን የዞረው የእንግሊዝ ጦር በአዋሽና በአዳማ አድርጎ በምሥራቅ በኩል መጣ። በኛ በር መሆኑ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ስለዚህ ሲወራ ሰምተን አናውቅም።

የመጀመሪያውን ሌሊት ላንጋኖ አደርን። ድንኳኑን ለመትከል ሁለት ሰዓት ፈጀብን፤ ንፋሱ ደግሞ ሌሊት ነቀለው። ከዚያ በሻሸመኔ፣ በሐዋሳ፣ በዲላ እያልን ያቤሎ ደረስን። ከያቤሎ በታች መሬቱ ቀይ፣ ግመሉ ብዙ፣ ሰው ጥቂት ነው። ሜጋ የምትባለውን ከተማ ብዙዎቻችን በስም እንኳ አናውቃትም። አርኖልድ ሆድሰን የሚባል እንግሊዛዊ ከ1914 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዓመታት እዚህ ቆንስል ነበር፤ በኋላም «ሰባት ዓመታት በደቡብ አቢሲኒያ» የሚል መጽሐፍ ጽፏል። ኢትዮጵያና እንግሊዝ በ1900 ዓ.ም. የፈረሙት የድንበር ውል መሬት ላይ እንዲከበር፣ ዝሆን አዳኙና ባሪያ ነጋዴው እንዲገታ ነበር የተላከው። እሱም በበቅሎና በድንኳን ነው የሚጓዘው። ልዩነቱ፣ የሱን ድንኳን የሚተክሉለት ሰዎች ነበሩት።

የካቲት 11 ቀን 1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች በዝናብና በብርድ ተዋግተው ሜጋን ከጣሊያን ያዙ። እዚያ ስንደርስ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ብርድ የሚባለውን ማመን አቃተን። ማታ ግን ገባን።

ከያቤሎ በተሳፈርንበት አውቶቡስ ከኋላችን ሁለት ልጆች ተቀምጠው ነበር። በዕድሜ ከኛ ያንሳሉ። አንደኛው ሻንጣችን ላይ የታሰረውን ድንኳን አይቶ «ምንድን ነው?» አለን። ነገርነው። «ቤት ሳለ ለምን?» ብሎ ሳቀ። የመጡት ከሆሳዕና አካባቢ ነው፤ የሚሄዱት ደቡብ አፍሪካ። እንደ ቀልድ ነው የነገሩን። ቦርሳ እንኳ አልያዙም፣ አንድ ፌስታል ለሁለት። ሞያሌ ሳንደርስ አንድ ሰው ለረዳቱ ምልክት ሰጠ፤ ልጆቹ ወረዱ። ማንም ምንም አላለም። እኛም አላልንም።

በማግሥቱ ፓስፖርታችንን አስመታንና በእግራችን ኬንያ ገባን። ሁለቱን አገሮች በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያስተናግደው የጋራ ኬላ በ2013 ዓ.ም. ነው የተመረቀው፤ እኛ ቀደምነው። ወዲያ ማዶ መኪናው በግራ ይነዳል። በነገራችን ላይ እኛም እስከ ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ድረስ በግራ ነበር የምንነዳው፤ ከዚያ ነው ወደ ቀኝ የዞርነው።

ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አስፋልቱ ሳይሠራ በፊት ሰው በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ፣ ሽፍታ ስለሚፈራ በታጠቀ አጃቢ፣ ሁለትና ሦስት ቀን ይጓዝ ነበር። እኛ በአንድ ቀን ጨረስነው። ማርሳቢት ላይ ጉም ነበር፤ በረሃ መሐል ጉም! እዚያ ብናድር ደስ ባለን፣ ግን ጓደኛችን ኢሲዮሎ እየጠበቀችን ነው።

ኢሲዮሎን ካርታ ላይ ስንፈልግ ነው ታሪኳን ያገኘነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በደቡብ በኩል የተሸነፈው ሠራዊት ቅሪት፣ ከነሴቱና ከነልጁ፣ ድንበሩን ተሻግሮ እንግሊዝ ትገዛው ወደነበረው ኬንያ ገባ። ያረፉት ኢሲዮሎ በተቋቋመ የስደተኞች ሰፈር ነው፤ በኋላ ወደ ታቬታ፣ ታንዛኒያ ድንበር ድረስ ተወሰዱ። ስለ በለንደንና ስለ ባዝ ስደት ትምህርት ቤት ተምረናል፤ ስለ ኢሲዮሎ አልተማርንም። ከነዚያ ስደተኞች መካከል በ1933ቱ ዘመቻ ጠመንጃ ይዘው ወደ አገራቸው የተመለሱ ነበሩ። ከ50 ዓመት በኋላ፣ ደርግ ሲወድቅ፣ ሌሎች ኢትዮጵያውያን በዚሁ በሞያሌ በኩል ተሰደው ዋልዳ ሰፈሩ፤ ከዚያም ወደ ካኩማ ተዛወሩ።

ጓደኛችን ገና ከሩቅ እየጮኸች መጥታ ተጠመጠመችብን። ናንዩኪ፣ የምድር ወገብ የሚያልፍባት ከተማ አጠገብ፣ ሦስታችን በአንድ ድንኳን አደርን። ለሁለት ሰው የተሠራ ነው፤ እግራችን ውጪ ነበር። በሶውን በጨረቃ በጠበጥን። የቃሊቲን ወሬ በሙሉ ነገርናት፦ ማን አገባ፣ ማን ሞተ፣ የማን ቤት ፈረሰ።

ከዚያ ስለ ሁለቱ ልጆች አነሣንላት። ሳቋ ቆመ። ኢስትሊ፣ እነሱ በሚኖሩበት ሰፈር፣ እንደነሱ ያሉ ልጆች በአንድ ክፍል አሥርና አሥራ አምስት ሆነው ደላላ እስኪያሻግራቸው እንደሚጠብቁ ነገረችን። በቀን አይወጡም፣ ፖሊስ ይፈራሉ። እናቷ አንዳንዴ እንጀራ ትልክላቸዋለች።

«ስማቸውን ጠይቃችኋል?» አለችን።

አልጠየቅንም ነበር።