የሚጥለው ደዌና የገጠሩ ነርስ

በወንጌለ ማቴዎስ፥ ልጁ አዘውትሮ በእሳትና በውኃ ላይ ይወድቅበት የነበረውን ያን አባት ታሪክ ሲሰማ ያደገ ሕዝብ፥ በሚጥል ደዌ የተያዘ ዘመዱን ወደ ጠበል እንጂ ወደ ሐኪም ቤት ለመውሰድ አለማሰቡ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ሐኪም ቤትስ የት ነበረና! የሚያሳዝነው ሌላው ነው። ደዌው ሲጥለው የነካውን ሰው ይጋባበታል ተብሎ ስለሚፈራ፥ ምድጃ ላይ የወደቀውን ለማውጣት እጁን የሚዘረጋ ይጠፋ ነበር፤ የደፈረውም ክብሪት ጭሮ ጭሱን ወደ አፍንጫው ከማስጠጋት የሚያልፍ ረድኤት አልነበረውም።

ይህን መከራ በቍጥር ለማወቅ የተነሡት የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1990 በታተመው ጥናታቸው፥ በቡታጅራ ዙሪያ ቤት ለቤት እየተዞረ ከተመረመረው 60,820 ሕዝብ መካከል 316 ሰዎች ደዌው ያለባቸው ሆነው ተገኙ፤ ከእነዚህም የታወቀውን መድኃኒት ያገኙት ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም ነበር።

መድኃኒቱስ አዲስ አልነበረም፤ ሃውፕትማን የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ፌኖባርቢታል ይህን ደዌ እንደሚያስታግሥ በ1912 ከገለጸ ብዙ ዘመን አልፎ፥ ዋጋውም ረክሶ ነበር። ዳሩ ግን የነርቭ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሕክምና ልዩ ሥልጠና የተጀመረው ገና በ2006 ነው። በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችንና የማኅበረሰብ ነርሶችን እያሠለጠነ፥ ሐኪም ባልደረሰበት ሌላ ባለሙያ እንዲደርስ መንገዱን አስቀድሞ ጠርጎ ስለ ነበር፥ በኋላ በጎንደርና በጅማ ዙሪያ ባሉ ጤና ጣቢያዎች የደዌው ሕክምና በነርሶች እጅ ሲገባ እንግዳ ነገር አልሆነም።

እንዲያውም ከነርቭ ደዌያት ሁሉ ይህ ለነርስ የተመቸ ነው እላለሁ። ድውዩ ጤና ጣቢያ ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ ደዌው ለቆት ፍጹም ጤነኛ መስሎ ስለሚቀርብ፥ ምርመራው ከመሣሪያ ይልቅ በዓይን ምስክር ቃል ላይ ይመሠረታል፤ ስለዚህም እናቱ ወይም ወንድሙ ያየውን እንዲተርክ፥ ዓይኑ ወዴት እንደ ዞረ፥ ምላሱን ነክሶ፥ ሽንቱም አምልጦት እንደ ሆነ፥ ከነቃ በኋላ ምን ያህል እንደ ደነዘዘ በትዕግሥት መጠየቅ ያሻል። ይህም በቡታጅራ ደጃፎች ላይ ለቈጠራው የወጡት ሰዎች የሠሩበት ያው ሙያ ነው፤ ልዩነቱ፥ ነርሲቱ ከጠየቀች በኋላ ኪኒኑን ቈጥራ መስጠቷ ነው።

የከበደው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ፌኖባርቢታል በድንገት ከተቋረጠ፥ ደዌው ያለ ፋታ እየደጋገመ እስከ ሞት በሚያደርስ ኃይል ሊመለስ ይችላል፤ ሰው ግን ለጥቂት ወራት ሳይጥለው ሲቀር ድኛለሁ ብሎ ይተዋል፥ ወይም መንገዱ ርቆት ከቀጠሮው ይቀራል። እንግዲህ መዝገቡን ገልጦ የቀረውን ስም መፈለግ የነርሲቱ ዋና ሥራ ሆነ።