ራምቦ በቃሬዛ

ሐረር የሄደ ሁሉ የራምቦ ቤት የሚባለውን ሙዚየም ያያል። ስለ እግሩ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

በ1891 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ገጣሚ፣ ኋላም የሐረር ነጋዴ፣ አርተር ራምቦ ቀኝ ጉልበቱ አብጦ መራመድ አቃተው። ቃሬዛ አሠርቶ 16 ተሸካሚ ቀጠረና በጊልዴሳ በኩል በረሃውን አቋርጦ ዘይላ ወደብ ወረደ። መንገድ ላይ ዝናብ ወረደበት። መሬት ላይ ስለጣሉት አራት ተሸካሚዎችን አንዳንድ ብር ቀጣ። ሜይ 27 ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ፤ ካንሰሩ ግን አልለቀቀውም፤ ኖቬምበር 10 በ37 ዓመቱ ሞተ።

የኛዋ ድሬዳዋ ከባቡሩ ጋር የተወለደችው በ1902 ነው፤ 11 ዓመት ዘገየችበት። ባቡር ካንሰር አይፈውስም፤ የመንገድ ስቃይ ግን ያሳጥራል።

ደግሞስ ራምቦ ብር ነበረው። የዘመኑ ገበሬስ? ዛሬም በገጠር በሽተኛ በቃሬዛ ሐኪም ቤት ይሄዳል። ተሸካሚዎቹ ጎረቤቶቹ ናቸው፤ ቢጥሉትም አይቀጣቸውም።