ድንጋይን የሚያውቅ ዓይን

«በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይላል ያገራችን ሰው። በእግር የረገጡት ድንጋይማ እንዴት ይቆጠር ይሆን? ከወንዝ ዳር የምናልፈው አመድማ ድንጋይ ለሁለት ቢሰነጠቅ፣ በሆዱ ነጭ፣ ቀይና ግራጫ መስመሮች እንደ ቀለበት ተደራርበው ሊገኙ ይችላሉ። ይህ አጌት የሚባለው፣ ከኬልቄዶን ወገን የሆነ ጌጠኛ ድንጋይ ነው። ስሙ የመጣው በጥንት ዘመን አካቴስ ይባል ከነበረ የሲሲሊ ወንዝ መሆኑን የጻፈልን የአርስቶትል ደቀ መዝሙር ቴዎፍራስጦስ ነው።

ዛሬ በብዙ አገር አጌት ፍለጋ የዕረፍት ቀን መዝናኛ ሆኗል። አፈላለጉ ከአፈጣጠሩ የተቀዳ ነው። እሳተ ገሞራ የተፋው ቅልጥ አለት ሲቀዘቅዝ በውስጡ የጋዝ ጉድጓዶች ይቀራሉ፤ ሲሊካ ያዘለ ውሃም እየሰረገ በየተራ ይሞላቸዋል። ዙሪያው ያለው አለት በዘመናት ብዛት ሲፈርስ ጠንካራው አጌት ሳይፈርስ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ስለዚህ ፈላጊው ጎርፍ ካለፈ በኋላ የወንዝ ጠጠር መካከል ይገባል። ድንጋዩን በውሃ አርሶ ወደ ፀሐይ ያነሳዋል፤ ብርሃን በስሱ ካሳለፈ ተስፋ አለው። በቢላዋ ጫፍ ቢቧጥጠው የማይጫር ከሆነ ተስፋው ይጨምራል።

ይህን ዕውቀት መተዳደሪያው ካደረገው ሕዝብ መካከል የጀርመኗን ኢዳር ኦበርስታይንን የሚያህል ያለ አይመስለኝም። በናሄ ወንዝ አካባቢ የሚኖሩት ሰዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ከኮረብታቸው አጌት እየቆፈሩ፣ ውሃ በሚያዞረው ትልቅ የአሸዋ ድንጋይ መንኮራኩር ይሞርዱ ነበር። ሞራጁ በደረቱ ተኝቶ ድንጋዩን በሙሉ ኃይሉ ይገፋል፤ አቧራው ሳንባውን ይበላዋል። የጌጡ ዋጋ ሲነሳ ይህም ዋጋ መነሳት አለበት።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ማዕድኑ እየተሟጠጠ፣ ኑሮም እየከፋ ሲሄድ ብዙዎች ወደ ብራዚል ተሰደዱ። እዚያም በሪዮ ግራንዴ ዶ ሱል ምድር ላይ የወደቀውን ድንጋይ ሲያዩ ምንነቱን ለማወቅ አስተማሪ አላስፈለጋቸውም። እ.ኤ.አ. በ1834 የመጀመሪያው የብራዚል አጌት ኢዳር ደረሰ። የራሷ ድንጋይ ያለቀባት ከተማ በሰው አገር ድንጋይ ዳነች፤ እስከ ዛሬም በዓለም የታወቀች የከበሩ ድንጋዮች መናኸሪያ ናት። እኔን የሚያስደንቀኝ ይኸው ነው፦ ድንጋዩ አለቀ፤ ዓይንና እጅ ግን አላለቁም።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ታሪኩ ይገለበጣል። እ.ኤ.አ. በ2008 በወሎ፣ ደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ የአጌት ዘመድ የሆነው ኦፓል ተገኘ። ገበሬዎችና ወጣቶች ገደል ላይ ተንጠልጥለው ዋሻ ይቆፍራሉ፤ ዋሻው ተደርምሶባቸው የቀሩም አሉ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ብዙው ድንጋይ ሳይሞረድ ወደ ህንድ ተሻግሯል። በኢዳር ድንጋዩ ጠፍቶ ሙያው ቀረ፤ በእኛ ዘንድ ድንጋዩ ሳለ ሙያው ገና በእግሩ አልቆመም።

መሬት የሰጠችውን አንድ ቀን ትነሳለች። ዕድሜ የሚኖረው፣ አቧራውን የሚከላከል መሣሪያ ይዞ የሚሠራ የሠለጠነ ሞራጅ ነው። የደላንታ ገደል ባዶ ከመሆኑ በፊት የአካባቢው ልጆች ሙያውን ከያዙት፣ ኢዳር የከፈለችውን የሳንባ ዋጋ ሳይከፍሉ ትርፏን ሊያገኙ ይችላሉ።