ገንዘብ ለሌለው ተማሪ የኮሌጅ ምርጫ

ካርቱም ያላችሁም ሆነ እ.ኤ.አ. በ2023 ከተነሳው ጦርነት ሸሽታችሁ ሌላ አገር የገባችሁ ተማሪዎች፣ ኮሌጅ ስትመርጡ ከስሙ በፊት ወጪውን ማን እንደሚችለው እዩ። «ተቀብለንሃል» የሚል ደብዳቤ ብቻውን የታክሲ አይሆንም።

ለእኛ ቅርቡ ዳፊ ነው። ከ1992 ጀምሮ በዋናነት በጀርመን መንግሥት ገንዘብ ዩኤንኤችሲአር ያካሂደዋል። ከትምህርት ክፍያው ሌላ ለመጽሐፍ፣ ለምግብ፣ ለትራንስፖርትና ለማረፊያ ይረዳል። ግማሽ ስኮላርሺፕ ይዞ ሁለተኛ ዓመት ላይ ከማቋረጥ ይሄ ይሻላል። ዳፊ የሚሰጠው ግን በተጠለላችሁበት አገር ለመማር ነው፤ ከካርቱም ካይሮ ወይ ካምፓላ የገባ እዚያው ተመዝግቦ እዚያው ይጠይቅ። ሱዳን ውስጥ ብዙው ትምህርት በዓረብኛ መሆኑንም አትርሱ።

ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ፒፕል በኢንተርኔት ያስተምራል፤ ነፃ ቢባልም ለየኮርሱ ምዘና ያስከፍላል፣ ስለዚህ የስደተኛ ስኮላርሺፑን ቀድማችሁ ጠይቁ። አሜሪካ ሃርቫርድ፣ የልና አምኸርስት የውጭ ተማሪ ሲቀበሉ አቅሙን አያዩም፤ ለገባ የጎደለውን ይሞላሉ። መግባቱ ነው መከራው!

የዳፊ ማመልከቻ በነፃ ነው፤ «ላስገባችሁ» ለሚል ደላላ ሳንቲም አትስጡ። የ12ኛ ክፍል ውጤታችሁንም ዛሬውኑ ፎቶ አንሱና ኢሜላችሁ ላይ አስቀምጡ።